ምኞት ይገራል እንጂ አይገደልም

ስለ ምኞት ሁለት ስብከት በየከተማው ይሰማል። አንደኛው ከአንዳንድ መምህራን አንደበት የሚወጣ ሲሆን፥ ምኞት የኀጢአት ሁሉ ሥር ነውና ተነቅሎ ይጣል፤ ምንም ያልተመኘ ሰው ምንም አይበድልም ይላል። ሁለተኛው ከገበያ የሚወጣ ሲሆን፥ ሰው ያማረውን ሁሉ ይከተል፤ ልቡ የጠየቀውን የከለከለ ሰው በራሱ ላይ ግፍ ይሠራል ይላል። እነዚህ ሁለቱ እንደ እሳትና እንደ ውሃ የተራራቁ ይመስላሉ፤ ሲመረመሩ ግን ከአንድ ስሕተት የተወለዱ መንትዮች ናቸው። ሁለቱም ምኞት ትምህርት የማይቀበል አውሬ ነው ብለው ያምናሉና፥ አንዱ ይገደል ይላል፥ ሌላው ይለቀቅ ይላል። ይማር፥ ይታረም፥ ይገራ የሚል ቃል ግን ከሁለቱም ወገን አይሰማም።

በዚህ መካከል የሚጐዳው ወጣቱ ነው። እሑድ በዐውደ ምሕረት አትመኝ ይባላል፤ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ደግሞ በእጁ ይዞት የሚዞረው ስልክ ከጧት እስከ ማታ ተመኝ ይለዋል። ምኞቱን እንዴት እንደሚለይ፥ የትኛውን እንደሚያሳድግ፥ የትኛውን እንደሚያስርብ የሚያስተምረው ሰው ስለማያገኝ፥ በአደባባይ ምንም የማይመኝ መስሎ ይታያል፤ በስውር ግን ያየውን ሁሉ ይመኛል። ግብዝነት የሚባለው በሽታ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በዚህ ነው። ሰው ምኞቱን የሚናዘዝበት ቦታ ሲያጣ የሚደብቅበት ቦታ ይፈልጋልና።

ነገሩ ከቃሉ ይጀመር። ፍትወት የሚለው ቃል ዛሬ በአማርኛ ሲነገር ሰሚው ወዲያው የሥጋን ነገር፥ ያውም ክፉውን ያስባል። በግእዝ ግን ፈተወ ማለት ወደደ፥ ፈለገ፥ ናፈቀ ማለት ነው፤ ፍቱውም የተወደደ ማለት ነው። በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 22 ጌታ መከራ ሳይቀበል ከደቀ መዛሙርቱ ጋራ ፋሲካን ለመብላት እጅግ እንደ ናፈቀ በተናገረበት ስፍራ፥ በግሪኩ ጽሑፍ የሚገኘው ኤፒቲሚያ የሚባለው ቃል ነው። ይህም ቃል ሐዋርያት በመልእክቶቻቸው ክፉውን ምኞት የሚነቅፉበት ያው ቃል ነው። በትንቢተ ዳንኤልም በምዕራፍ 10 መልአኩ ነቢዩን የሚጠራበት የክብር ስም፥ አብያተ ክርስቲያናት በተቀበሉት በጥንቱ የግሪክ ትርጓሜ፥ ከዚሁ ቃል የወጣ ነው። እንግዲህ ምኞት በባሕርዩ ክፉ ቢሆን ኖሮ፥ ስሙ በጌታ አንደበት ባልተገኘ፥ ለነቢይም የክብር መጠሪያ ባልሆነ ነበር።

ምኞትን የሚነቅፉ መምህራን ሁለት ማስረጃ ያቀርባሉ። የመጀመሪያው ከዐሠርቱ ትእዛዛት የመጨረሻው ነው። ነገር ግን ትእዛዙ ተከፍቶ ቢነበብ፥ የሚከለክለው የባልንጀራን ቤት፥ የባልንጀራን ሚስት፥ የባልንጀራን አገልጋይ፥ የባልንጀራን በሬና አህያ መመኘትን ነው። በሬ መመኘትን አልከለከለም፤ ጎረቤት የሚያርስበትን በሬ መመኘትን ከለከለ። ትእዛዙ የተሰጠው ቅሚያ በእጅ ከመሠራቱ በፊት በልብ ውስጥ እንዳይጀመር ነው እንጂ፥ ገበሬ ሁሉ በሬ ሳይመኝ በድህነት እንዲኖር አይደለም። ሁለተኛው ማስረጃ የያዕቆብ መልእክት ነው። ሐዋርያው በምዕራፍ 1 ምኞት ፀንሳ ኀጢአትን እንደምትወልድ በእውነት ይናገራል። ነገር ግን ይኸው ሐዋርያ በምዕራፍ 4 አንባቢዎቹን ስለ ሁለት ነገር ይወቅሳቸዋል፤ አንደኛ ስለማይለምኑ፥ ሁለተኛ ሲለምኑም ለክፉ ስለሚለምኑ። አለመለመንን ከክፉ ልመና ጋራ አንድ ላይ የወቀሰ ሰው የምኞት ጠላት ሊባል አይችልም። ከመልእክቱ ግማሹን ብቻ ይዞ የሚሰብክ ሰው ሐዋርያውን አልሰበከም፤ የራሱን ፍርሀት ሰበከ።

ስለ ጾም የሚሰጠው ትርጓሜም መታረም ይገባዋል። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሥርዐት ካህናትና መነኮሳት በዓመት እስከ 250 ቀን እንደሚጾሙ ይታወቃል። ይህን አይተው አንዳንዶች ጾም የምኞት መግደያ መሣሪያ ነው ይላሉ። ነገር ግን የምግብ ፍላጎቱ የጠፋ በሽተኛ ሳይበላ ቢውል፥ ታመመ ይባላል እንጂ ጾመ አይባልም። ቤተ ሰቦቹም ፍላጎቱ እንዲመለስ ይጨነቃሉ፤ በላ ሲባል ደስ ይላቸዋል። ጾም የሚሆነው የሚርበው ሰው ረኀቡ እየተሰማው እስከ ሰዓቱ ሲታገሥ ነው። ደግሞም ጾም ሁሉ ፍጻሜ አለው፤ የዐቢይ ጾም 55 ቀን በትንሣኤ ያልቃል፥ ማዕድም ይዘረጋል። ረኀብን ለዘለዓለም ለማጥፋት የታሰበ ሥርዐት ቢሆን ኖሮ በመጨረሻው ማዕድ ባልተዘረጋ ነበር። ስለዚህ ጾም ምኞትን አይገድልም፤ ተራ ያስይዘዋል። ቀድሞ ሆድ ይናገር ከነበረ፥ አሁን ነፍስ ቀድማ እንድትናገር ያደርጋል።

ከተማረው ወገን ደግሞ የሕንዱን ጠቢብ ቡድሃን ምስክር አድርጎ የሚጠራ አለ። ቡድሃ የመከራ ምክንያት ጥማት ነው ብሎ ማስተማሩ እውነት ነው። ነገር ግን ትምህርቱ በተጻፈበት በፓሊ ቋንቋ ሰውን የሚያስረው ጥማት ታንሃ ይባላል፤ መልካም ለመሥራት የሚያስነሣው ፈቃድ ደግሞ ቻንዳ ይባላል። በዚያ ትምህርት መሠረት እንኳ መንገዱን ለመጀመር የሚነሣ ሰው ያለ ቻንዳ አንድ እርምጃ አይራመድም። ስለዚህ ይህም ምስክር ቀርቦ ቢጠየቅ ለጠሪው አይመሰክርለትም።

ከክርክር ይልቅ የሰው ሕይወት አጥብቆ ይመሰክራልና፥ የሙሴ ጸሊም ታሪክ ይታይ። ጳላድዮስ የተባለው ኤጲስ ቆጶስ በአውሮፓ አቈጣጠር በ420 ዓ.ም. ገደማ ስለ መነኮሳት በጻፈው መጽሐፍ እንደሚተርከው፥ ሙሴ የአንድ ባለሥልጣን ባሪያ ነበረ፤ ጌታውም ስለ ስርቆቱና ስለ ክፉ ጠባዩ ከቤቱ አባረረው። ከዚያ በኋላ የወንበዴዎች አለቃ ሆነ። አንድ እረኛ ከውሾቹ ጋራ ሆኖ አንድ ሌሊት ያሰበውን ስላሰናከለበት ቂም ያዘበት። እረኛው ከዓባይ ወንዝ ማዶ መሆኑን በሰማ ጊዜ፥ ወንዙ ሞልቶ ሳለ፥ ሰይፉን በጥርሱ ነክሶ ልብሱን በራሱ ላይ አስሮ በዋና ተሻገረ። እረኛው በአሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ቢያመልጠው፥ ከመንጋው 4 የተመረጡ አውራ በጎች አርዶ በገመድ አስሮ እንደ ገና እየዋኘ ተመለሰ። ሥጋውን በላ፤ ቆዳውን ሸጦ የወይን ጠጅ ጠጣበት።

እንዲህ ያለው ሰው በኋላ ተጸጽቶ በአስቄጥስ ገዳም መነኰሰ። የቀድሞ ልማዱ ግን አልለቀቀውም፤ በዝሙት ሐሳብ እየተቃጠለ ወደ ታላቁ ወደ አባ ኤስድሮስ ሄደ። ሽማግሌው ያጽናናው በሥጋ ሻጭ ደጅ በሚውል ውሻ ምሳሌ ነው። አጥንት መጋጥ የለመደ ውሻ ደጁን አይለቅም፤ ሱቁ ተዘግቶ የሚሰጠው ሲያጣ ግን ተስፋ ቈርጦ ይሄዳል። ሙሴም ደረቅ እንጀራ በልክ እየበላ፥ 6 ዓመት ሙሉ ሌሊቱን ቆሞ እያደረ ተጋደለ። ምኞትን በጕልበት መግደል የሚቻል ቢሆን ኖሮ ከሙሴ የሚበልጥ ጕልበት ያለው ሰው አልነበረም፤ ሆኖም አልሞተለትም። ከዚህ በኋላ ያደረገው ነገር በጣም ሊስተዋል ይገባል። በሌሊት እየወጣ፥ ስለ እርጅናቸው ውሃ መቅዳት ወደማይችሉ መነኮሳት በዓት እየሄደ፥ ሳያውቁት እንስራቸውን ይሞላላቸው ጀመር። ውሃው ከአንዳንዱ በዓት 2 ማይል፥ ከአንዳንዱም 5 ማይል ይርቅ ነበር። በጨለማ ሰይፍ ነክሶ ዓባይን የተሻገረው ጕልበት አሁን በጨለማ እንስራ ተሸክሞ በረሃውን ይሻገር ጀመር።

አንድ ሌሊት ግን በጕድጓዱ አጠገብ ተመትቶ ወደቀ፤ ሕመሙም አንድ ዓመት ያህል ጸናበት። ያን ጊዜ አባ ኤስድሮስ ከአጋንንት ጋራ መታገሉን እንዲተው፥ በተጋድሎም ቢሆን ልክ እንዳለ ነገረው። ነጻ በወጣም ጊዜ፥ በገዛ ጕልበቱ አሸነፍሁ ብሎ እንዳይመካ፥ ነጻነቱ በስጦታ መጣለት። ደግሞ በገዳም የኖረው ሙሴ ምኞትና ኀይል የደረቀበት ግንድ አልነበረም። 4 ሌቦች በበዓቱ ቢገቡበት ሁሉንም አስሮ እንደ ገለባ ከረጢት በጀርባው ተሸክሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን አደረሳቸው፤ ማንንም መጕዳት ስለማይገባው ምን እንደሚደረጉ መነኮሳቱን ጠየቀ። ሌቦቹም ማን እንደ ሆነ ባወቁ ጊዜ ተጸጽተው መነኰሱ። የአበው ታሪክም በገዳሙ የጾም ሳምንት ታውጆ ሳለ ከሩቅ ለመጡ እንግዶች ምግብ እንዳበሰለላቸው ይናገራል። በ75 ዓመቱ ሲያርፍ ብዙ ደቀ መዛሙርት ተወ። የወንበዴው ሙሴ ጕልበትና የመነኩሴው ሙሴ ጕልበት አንድ ነው፤ የተለወጠው የሚሄድበት አቅጣጫ ነው።

ሌላው ሙሴ፥ ነቢዩ፥ ከዚህ ከፍ ያለውን ያስተምራል። ቍጥቋጦው ሲነድ አይቷል፤ ባሕር ሲከፈል አይቷል፤ በደመና ውስጥ ገብቶ ከእግዚአብሔር ጋራ ተነጋግሯል። ከዚህ ሁሉ በኋላ በኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 33 እንደ ተጻፈ፥ ጠገብሁ አላለም፤ ክብሩን ደግሞ እንዲያሳየው ለመነ። በአራተኛው መቶ ዓመት የነበረው ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ስለ ሙሴ ሕይወት በጻፈው መጽሐፍ ይህን ሲተረጕም፥ እግዚአብሔር ወሰን የለውምና እርሱን የሚናፍቅ ሰው ናፍቆቱ ወሰን የለውም፤ ባየ ቍጥር ይበልጥ ለማየት ይመኛል፤ እግዚአብሔርን ማየት ማለትም ይህ የማይጠግብ ናፍቆት ነው ብሎ ያስተምራል። እንግዲህ ምኞት በመንፈሳዊ ሕይወት መጀመሪያ ተጥሎ የሚቀር ሸክም አይደለም፤ እስከ መጨረሻው አብሮ የሚሄድ ስንቅ ነው።

ይህ ነገር በኢትዮጵያ ከቆሎ ተማሪ ኑሮ ይልቅ ጐልቶ የሚታይበት የለም። ልጁ የእናቱን እንጀራና የእናቱን እሳት ትቶ፥ ደበሎ ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ ቅኔ ለመማር ወደ ዋሸራ ወይም ወደ ጎንጅ ይሄዳል። በየደጁ ስለ ማርያም ስም እያለ ቍራሽ ይለምናል፤ ከውሻ ጋራ በበትር ይሟገታል፤ በጠባብ ጎጆ ብርድ እየመታው ያድራል። ማታ ደግሞ የኔታ ፊት ቀርቦ የቈጠረው ቅኔ ሲነቀፍበት አፍሮ ይመለሳል፤ ሲነጋም ሌላ ይዞ ይቀርባል። ይህን ሁሉ ያስቻለው ምኞት ስለሌለው ነውን? ከሆዱ ምኞት የበረታ ሌላ ምኞት ስላደረበት ነው እንጂ። ታናሽ ምኞት በታላቅ ምኞት ይሸነፋል፤ በባዶ ልብ ግን አይሸነፍም። ልጁን ምንም አትመኝ ብሎ ያሳደገ አባት ከዘፈንና ከመጠጥ አላዳነውም፤ ከየኔታ ደጅ ብቻ አስቀረው።

ምኞትን ግደሉ የሚለው ስብከት ሌላም ክፉ አገልግሎት አለው። አብዛኛውን ጊዜ የሚሰበከው ከላይ ወደ ታች ነው። ሦስት ቤት ያለው ሰው ቤት ለሌለው ባለህ ይብቃህ ይለዋል። ልጆቹን በታላቅ ትምህርት ቤት ያስተማረ ሰው፥ የቤት ሠራተኛው ልጅ መማር ብትመኝ ዐቅሟን አላወቀችም ይላል። እንዲህ ያለው ሰው የሚሰብከው ትሕትናን አይደለም፤ የራሱን ዕረፍት ይጠብቃል። ሐዋርያው ጳውሎስ ባለው ነገር መርካትን እንደ ተማረ ለፊልጵስዩስ ሰዎች የጻፈው በእስራት ሆኖ ነው፤ ስለ ራሱም ተናገረ እንጂ የተራበውን ዝም ለማሰኘት አልተናገረም። በዚያው መልእክት በምዕራፍ 3 ደግሞ ገና እንዳልደረሰ፥ የኋላውን ረስቶ ወደ ፊት እንደሚዘረጋ ይመሰክራል። በእንጀራና በልብስ የረካ ሰው በነፍሱ ያልረካ ሊሆን እንደሚገባ ከዚህ ይታወቃል። የዛሬው ሰባኪ ነገሩን ገልብጦ፥ ለድኃው በልብስና በእንጀራ ርካ ይለዋል፤ ራሱ ግን በነፍሱ ረክቶ ተቀምጧል።

የሥጋን ሥራ የሚመረምሩ ሊቃውንትም በዚህ ነገር ላይ የሚያስደንቅ ማስረጃ አግኝተዋል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1989 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ኬንት ቤሪጅ፥ ቴሪ ሮቢንሰንና ባልደረባቸው፥ ዶፓሚን የሚባለውን ንጥረ ነገር የሚያመላልሱት ነርቮች በአንጐላቸው ውስጥ የጠፉባቸውን አይጦች መረመሩ። አይጦቹ ምግብ በፊታቸው እያለ የማይበሉ ሆነው ነበር፤ በሰው እጅ ካልተመገቡም በረኀብ ይሞታሉ። ነገር ግን ጣፋጭ በአፋቸው ሲፈስስላቸው እንደ ጤነኞቹ ከንፈራቸውን እየላሱ መደሰታቸውን ያሳዩ ነበር። ጣዕሙን ማወቅ አልጠፋባቸውም፤ የጠፋባቸው መፈለግ ነው። ምኞቱ የተገደለበት ፍጥረት ቅዱስ አልሆነም፤ በማዕድ አጠገብ የሚሞት ሆነ።

የገበያው ሰባኪ ግን በዚህ ማስረጃ ደስ አይበለው፤ ሁለተኛው ግማሽ በእርሱ ላይ ነውና። እነዚሁ ሊቃውንት በ1993 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ፥ በአደንዛዥ መድኀኒት የተያዘ ሰው መፈለጉ እየበረታ ሲሄድ መደሰቱ ግን አብሮ እንደማያድግ፥ እንዲያውም ሊቀንስ እንደሚችል አስረዱ። ሰው የማያስደስተውን ነገር አጥብቆ ሊፈልግ ይችላል ማለት ነው። ባርነት ማለት ይህ ነው። ዛሬ በስልክና በማስታወቂያ የሚሸጠው አብዛኛው ነገር የሚያረካ ዕቃ አይደለም፤ የሚሸጠው መፈለጉ ራሱ ነው። ደንበኛው ቢረካ ነጋዴው ይከስራልና፥ ገበያው የሰውን ምኞት አያከብርም፤ በትናንሽ ምኞቶች እየቈራረሰ ይበላዋል። ቀኑን ሙሉ መቶ ነገር የተመኘ ልብ፥ ማታ አንድ ታላቅ ነገር ለመመኘት ዐቅም ያጣል።

ስለዚህ ምኞት እንደ ወርቅ በእሳት ይፈተን። በመጀመሪያ፥ የተመኙት ነገር በእጅ ከገባ በኋላ ደስታ ቀረ፥ ወይስ ጥማት ብቻ ቀረ? ሁለተኛ፥ ያ ምኞት ከጎረቤት ቀምቶ የሚፈጸም ነው፥ ወይስ ለጎረቤት የሚተርፍ ነው? የሙሴ ጸሊም እንስራ ለሽማግሎች ተረፈ፤ 4ቱ አውራ በጎች ግን ከሌላው መንጋ የተነጠቁ ነበሩ። ሦስተኛ፥ ያ ምኞት ሰውየውን ከትናንት ይልቅ ታላቅ ሥራ እንዲሠራ ያስነሣዋል፥ ወይስ በተቀመጠበት ያስቀረዋል? በእነዚህ ሦስቱ ያለፈ ምኞት ይመገብ፥ ይደግ። የወደቀው እንደ ሥጋ ሻጩ ውሻ ሱቁ ይዘጋበት፤ ነገር ግን የተዘጋው ሱቅ ስፍራ ባዶውን እንዳይቀር ወዲያው ሌላ ሥራ ይጀመርበት።

ከዚህም የተነሣ የንስሐ አባቶች አንድ ጥያቄ ቢጨምሩ መልካም ነው። ልጃቸው ለኑዛዜ ሲቀርብ ምን በደልህ ብሎ መጠየቅ የተለመደ ነው፤ ምን ትመኛለህ ብሎ መጠየቅ ግን እጅግም አልተለመደም። በደል ያለፈውን ይናገራል፤ ምኞት የሚመጣውን ይናገራል። የልጁ ምኞት ታናሽ ቢሆን አይሣቅበት፤ ክፉም ቢሆን በቍጣ አይባረር። ከእርሱ የሚበልጥ ይታይለት፤ ለሚበልጠውም የሚያለቅስበት ቦታ ይሰጠው። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላልና።

በቅሎው ስለ ደነበረች ያረዳት መንገደኛ የቀረውን መንገድ በእግሩ ይሄዳል፤ በጐዳናው መካከልም ይመሽበታል። ልጓሟን ፈትቶ የለቀቃትም ገደል ይገባል። ካሰበበት የሚደርሰው በቅሎውን ታግሦ የገራት ነው። እርሱም ቢሆን ከቤቱ የወጣው መድረስን ስለ ተመኘ ነው።